የቦርጎሴኮ መላጣ ጎል

ኳስ ቡድን ያለው ከተማ ሁሉ አንድ ተጠራጣሪ ሽማግሌ አለው። የለንም የሚሉ ካሉ ወይ ቡድናቸው ትናንት የተቋቋመ ነው፣ ወይ ይዋሻሉ። የሌላው ከተማ ተጠራጣሪ ዳኛውን ይጠረጥራል፤ ግፋ ቢል የመስመር ዳኛውን። የኛው የቦርጎሴኮው፣ ክቡር ካቫሊየሬ ኡልደሪኮ ብራንዶሊ ግን፣ ዳኛ የሚጠረጥሩት ሌላውን ሁሉ ጠርጥረው ሲጨርሱ፣ ለእረፍት ያህል ነው።

ካቫሊየሬ ማለት ባለ ማዕረግ ፈረሰኛ ማለት ነው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው የሚያውቅ የለም፤ ፈረስ ላይ ያያቸውም የለም። ዕድሜ ልካቸውን የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ነበሩ። ባቡር ሊመጣ ይችላል ብሎ መጠርጠር ደሞዝ የሚበላበት ሥራቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ ባቡሩ ቀረ፣ ጥርጣሬው ግን አብሯቸው ቤት ገባ። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር" የሚለው ተረት ለሌላው ሰው ምክር ነው፤ ለሳቸው የአመጋገብ ሥርዓት ነው። ፖሌንታ፣ ማለትም የኛ የበቆሎ ገንፎ፣ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ በሹካ ይፈለፍሉታል። ስንጥር ካጡ ደግሞ ይብስባቸዋል። "በደንብ ደብቀውታል" ይላሉ።

እኔ ነቪዮ እባላለሁ። አደባባዩ ላይ ያለችው "ጨውና ትምባሆ" የምትል ታፔላ የኔ ናት። ድሮ መንግሥት ጨውን እንደ ትምባሆ በራሱ ሱቆች ብቻ ሲያሸጥ የተሰቀለች ታፔላ ናት፤ ዛሬ ጨው የትም ይገኛል፤ ከኔ ዘንድ ጨው የሚገዙ አንድ ደንበኛ ብቻ ቀርተውኛል። ማን እንደሆኑ ሳትገምቱ አትቀሩም።

"ሱፐርማርኬት ያለውን ጨው ስንት እጅ ነክቶታል?" ይሉኛል ቅዳሜ ቅዳሜ።

"የኔንስ?"

"ያንተን አንድ እጅ ነው የነካው። ችግር ቢፈጠር የማን አንገት እንደምይዝ አውቃለሁ።"

ካቫሊየሬ የክለባችን የታሪክ ሊቅ ናቸው። አንድ መስመር ግን ጽፈው አያውቁም፤ የተጻፈ ይሰረቃላ! ታሪኩን የሚተርኩት እሁድ እሁድ ከጨዋታ በኋላ ቡና ቤት ውስጥ ነው፤ ሁልጊዜም እዚያው ግድግዳ ሥር፣ በድሮው የቡድን ፎቶ ሥር ተቀምጠው። በሳቸው ታሪክ ቦርጎሴኮ ተሸንፎ አያውቅም። ተሽጧል፣ ተዘርፏል፣ ተመርዟል፣ ተደግሞበታል፤ መሸነፍ የሚባል ነገር ግን የለም።

እንዲህ ነው የሚጀምረው። ክለቡን የመሠረቱት የድንጋይ ካባ ሠራተኞች ናቸው፤ ኳሷን የሰጠው የዚያን ዘመን ቄስ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከጎረቤታችን ከቫልኖቫ ጋር ነበር። እየመራን ሳለ ኳሷ ወንዝ ገባች፤ ወሰዳት፤ ጨዋታው ተቋረጠ። ሌላ ሰው ቢተርከው ታሪኩ እዚህ ያበቃል። ካቫሊየሬ ግን ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ዙሪያውን ይቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

"ወንዙ የሚፈሰው ወደ ማን ነው?"

"ወደ ቫልኖቫ" እንላለን በአንድ ድምፅ።

"ታዲያ! ነገሩ ነገር አለው።"

በጦርነቱ ክረምት የጎሎቻችን ቋሚዎች ለማገዶ ተነቀሉ። አገር በሙሉ በርዶት ነበር። "ሁሉም ከበረደው የኛ እንጨት ብቻ ለምን ነደደ? ነገሩ ነገር አለው።" ከዚያ ደግሞ ስምንት ለባዶ ያለቅንበት ዓመት አለ። ተጫዋቾቻችን ዋዜማውን ሠርግ ላይ ሲጠጡ አድረው እንደነበር ሠርገኛው ሁሉ ይመሰክራል። ካቫሊየሬ ግን የሠርጉን ወጥ ቤት ዘር ማንዘር ቆጥረው፣ የእናቷ እናት ቫልኖቫ ተወልዳ እንደነበር ደርሰውበታል። ሴትዮዋ እስክትሞት ድረስ በመንገድ ሲያገኟት ኮፍያቸውን አንስተው አያውቁም።

ፀሐይዋንም አልማሯትም። ከሰዓት በኋላ የኛን በረኛ ዓይን ነው የምትወጋው። ቄሳችን ዶን ቼልሶ አንድ ቀን ምርር ብሏቸው፣ "ልጄ፣ ፀሐይን ያቆማት ኢያሱ ብቻ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?" አሏቸው።

"እሱስ ኢያሱ የማን ደጋፊ ነበር?"

በቃ። ዶን ቼልሶ ማማተብ ብቻ ነው የቀራቸው።

የጥርጣሬ ክፋቱ መጋባቱ ነው። ከካቫሊየሬ ጋር ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ቤቱ ሲገባ የገዛ ቁልፉን ዘወር አድርጎ ያየዋል። እኔ ራሴ አንዳንድ ማለዳ ሱቄን ስከፍት፣ ሚስቴ ዳርያ ፈገግ ብላ ደህና አደርክ ስትለኝ፣ ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው? እላለሁ። በበሽታው ያልተያዘ የለም።

እንግዲህ ወደ ጎሉ ልምጣ። ሜዳችን ሁለት ጎል አለው፤ የወንዝ ጎልና የደወል ጎል። የወንዝ ጎል ፊቱ ለምለም ነው። የደወል ጎል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ማማ በኩል ያለው፣ መላጣ ነው። ሣር ዘርተንበታል፣ ውሃ አጠጥተናል፣ ፍግ አልብሰናል፣ ዶን ቼልሶ ጸበል ረጭተውታል፤ ወይ ፍንክች። በቅሎ የጠፋበት ኮርቻ ገልቦ ያያል እንዲሉ፣ ካቫሊየሬ ያልጠረጠሩት አልነበረም። የቄሱ ዶሮዎች ተጠርጥረዋል። የኔ የሲጋራ አመድ ተጠርጥሯል። ፍልፈሉ ሳይቀር ተጠርጥሯል፤ እሱንማ "ቫልኖቫ ያደገ ነው" ብለዋል።

የክለባችን ፕሬዚዳንት ኢላሪዮም አልቀረላቸውም። ኢላሪዮ የሬሳ ሳጥንና የመቃብር ድንጋይ ሻጭ ነው። "ሰው በንዴት ሲሞት ማን ይጠቀማል?" ይላሉ።

ይኼ ሁሉ ቀልድ ነበር፤ ጥቅምት ላይ የፌዴሬሽኑ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ ድረስ። ሰውየው በሚያብለጨልጭ ጫማው ደወል ጎል ፊት ቆመ፤ ረገጥ ሲያደርገው አቧራው ቦለል አለ።

"ይሄ ሜዳ ነው የእህል አውድማ?"

ኢላሪዮ ኮፍያውን አውልቆ ሊያስረዳ ሞከረ። ሰውየው አልሰማውም።

"እስከ ሚያዝያ ሣር ካልበቀለ በዚህ ሜዳ አትጫወቱም።"

"የት እንጫወት ታዲያ?"

"ቅርባችሁ ማነው? ቫልኖቫ። የነሱን ሜዳ እንደ ሜዳችሁ ትጠቀማላችሁ።"

ከዚህ ይልቅ ክለቡን ዝጉ ቢለን ይሻለን ነበር። የቦርጎሴኮ ሰው ቫልኖቫ ሄዶ "ሜዳችን" ብሎ ሲቀመጥ! ትኬት እየቆረጡልን! ማንም አይሄድም፤ ደጋፊ የሌለው ቡድን ደግሞ በዓመቱ ይፈርሳል። ካቫሊየሬ ያን ቀን ማንንም አልጠረጠሩም። ደወል ጎሉ ፊት ቆመው መሬቱን ብቻ ያዩ ነበር። ሲጠራጠሩ እንጂ ሲያዝኑ አይቼያቸው ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

ለምን እንዳዘኑ ግን ጠፍቶኝ አይደለም። በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ወደ ላይኛው ምድብ ለማለፍ አቻ በሚበቃን ጨዋታ፣ በረኛችን የካቫሊየሬ ታናሽ ወንድም አዴልሞ ነበር። ደወል ጎል ሥር ቆሞ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ የቫልኖቫ ተጫዋች ሕፃን የሚይዘውን ኳስ መታ፤ ኳሱ በአዴልሞ እጅ ሥር ሾልኮ ገባ። ያን ክረምት አዴልሞ ሞተር ሳይክል ገዛ። በቃ፣ አገሩ ፈረደ፤ "ሸጦን ነው" ተባለ። ጎረምሳው ሰላምታ የሚሰጠው ሲያጣ ወደ ቤልጂግ የከሰል ማዕድን ሄደ፤ እዚያው ሞቶ ቀረ። ያ ካቫሊየሬ ከሥሩ የሚቀመጡበት ፎቶ አለ አላልኳችሁም? የበረኛው ፊት በምስማር ተፍቋል። ሰውየው እዚያ የሚቀመጡት ጭንቅላታቸው ያን ቦታ እንዲሸፍነው ነው።

እንግዲህ አስቡት። ወንዙ ጥፋተኛ ከሆነ፣ ወጥ ቤቷ ጥፋተኛ ከሆነች፣ ፀሐይዋና ፍልፈሉ ጥፋተኛ ከሆኑ፣ አዴልሞ ጥፋተኛ አይደለም። ካቫሊየሬ አገሩን በሙሉ የጠረጠሩት አንድ ሰው ላለመጠርጠር ነው።

ኅዳር ላይ ኢላሪዮ ከደወል ጎል አፈር ዘግኖ ለግብርና ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ላከ። መልሱን ቡና ቤት ውስጥ ቆሞ ነገረን።

"ጨው ነው። አፈሩ በጨው ተበልቷል።"

ካቫሊየሬ ብድግ አሉ። የሃያ ዓመት ወጣት ሆኑ።

"አላልኩም? አላልኩም ወይ? መርዘውናል! ቫልኖቫዎች በሌሊት እየመጡ ጨው ይዘሩብናል! ስትስቁብኝ የነበራችሁ፣ አሁን ሳቁ!"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ማታ ሁላችንም አመንን። ዶን ቼልሶ እንኳ "እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው" ሲሉ ይቅር እንዲላቸው የፈለጉ አይመስሉም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካቫሊየሬ ሱቄ መጡ። እንደወትሮው በሩን ከኋላቸው ዘጉ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ሰው አለመኖሩን አዩ።

"ጨው ስጠኝ። ወፍራሙን። እንደ ድሮው አይደለም፣ እጥፍ አድርገው።"

"ምነው ካቫሊየሬ፣ እንግዳ መጣ?"

"እነሱ መርዙን ካበዙ እኛም መከላከያውን ማብዛት አለብን። እሁድ እሁድ በማለዳ ደወል ጎል ፊት የምበትነው አንድ እሽግ አልበቃም።"

እጄ ጨዉ ላይ ቀረ። ክፉ ዓይን እንዳይነካን ከጨዋታ በፊት ቁንጥር ጨው ወደ ጎሉ መወርወር የአያት ቅድመ አያት ልማድ ነው፤ እኔም እወረውራለሁ፣ ቄሳችንም ዘወር ብለው ይወረውራሉ። ካቫሊየሬም ቁንጥር ሲወረውሩ አገር ያያቸዋል። ግን እሁድ በማለዳ፣ ሜዳው ጭር ባለበት ሰዓት፣ ማንም ሳያያቸው ሙሉ እሽጉን ደወል ጎል ፊት ሲበትኑት መኖራቸውን ማን ያውቅ ነበር? እኔ እንኳ ሰውየው የአሳማ ሥጋ በጨው የሚያደርቁ ነበር የሚመስለኝ። የአዴልሞ ጎል ዳግመኛ ክፉ እንዳይነካው ዘመናቸውን ሙሉ ሲጠብቁት፣ ሣሩን የፈጁት ራሳቸው ናቸው። ጨዉን የሸጥኩላቸው ደግሞ እኔ።

ጨዉን ሰጥቼ ሸኘኋቸውና ሮጬ ኢላሪዮ ዘንድ ሄድኩ። የሬሳ ሳጥን ክዳን እየቀረጸ አገኘሁት። ነገርኩት፤ መሮውን ጣለ።

"ሂድና ንገራቸው" አለኝ።

"አንተ ንገራቸው፤ ፕሬዚዳንቱ አንተ ነህ።"

"እኔ? እኔ ከነገርኳቸው በሳምንቱ ደንበኛዬ ይሆናሉ! ነቪዮ፣ እኚህ ሰው የአዴልሞን ጎል በገዛ እጄ ገደልኩት ብለው ማግስቱን የሚያዩ ይመስልሃል?"

አይመስለኝም ነበር። ጨው አልሸጥም ብል ከሱፐርማርኬት ይገዛሉ፤ ለአዴልሞ ሲሉ ያንንም ያደርጉታል። በመጨረሻ ኢላሪዮ ጭንቅላቱን አከከ፤ ወንድሙ ገበሬ ነው።

"ዩሪያ" አለ። "ማዳበሪያ። ነጭ ነው፣ ጠጠርማ ነው። ካልላሱት ከወፍራም ጨው አይለይም።"

"ማን ደግሞ ጨው ይልሳል?" አልኩ። ይህን ማለቴን ያዙልኝ።

ብቻውን ከሆነ ሣሩን ያቃጥላል ብሎ ኢላሪዮ ከነጭ የእብነ በረድ ድቃቂ ጋር ቀላቀለው፤ የመቃብር ድንጋይ ፍርፋሪ እሱ ዘንድ ሞልቷል። ለገና እረፍት ጨዋታ ሲቆም ጨዋማውን አፈር ዝቀን ጣልንና ከወንዝ ዳር ጥቁር አፈር ሞላን፤ ሣር ዘራን። ካቫሊየሬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጋሪ እያሸተቱ አሳለፉ። ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ የጨው እሽግ ውስጥ የሞላሁትን ዩሪያ ሰጠኋቸው። መልሱን ሁለቴ ተሳስቼ ቆጠርኩ። አዩት። እሽጉን ኮታቸው ውስጥ ከተው ወጡ።

በማግስቱ እሁድ ለምሳ ልንቀመጥ ስንል ዳርያ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞር አለች።

"ነቪዮ፣ ሰውየው ፓስታ የሚቀቅሉትስ በየትኛው ጨው ነው?"

ወይ ጉድ! ወፍራም ጨው እኮ ፓስታ ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው! ናፕኪኑ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣሁ፤ አደባባዩን በሩጫ አቋረጥኩ። ካቫሊየሬ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱ። አንድ ዓይን ብቻ ታየኝ።

"ምን ፈለግህ?"

"ደህና መሆንዎን ልጠይቅ ብዬ…"

"በእሁድ? በምሳ ሰዓት? ነገሩ ነገር አለው። ግባ።"

ፓስታው ከባቄላ ጋር ተሠርቶ ጠረጴዛው ላይ ያጨሳል። አንድ ሳህን ሞልተው ፊቴ አስቀመጡ።

"ጀምር።"

"እርስዎ ይጀምሩ እንጂ፣ ታላቅ እያለ…"

"እንግዳ ነው የሚጀምር። ብላ!"

ልጆቼን አሰብኩ። ሱቄን አሰብኩ። ኢላሪዮ ሳጥኑን በቅናሽ ይሰጠኝ ይሆን ብዬም አሰብኩ። ጎረስኩ። ጨው ነው! ንጹሕ፣ የተባረከ፣ የባሕር ጨው! ለድስታቸው ሌላ ጨው አላቸው ማለት ነው። ደስታዬ ልክ ስላጣ ሳህኔን ጨርሼ "ትንሽ ይድገሙኝ" አልኩ። ካቫሊየሬ ሹካቸውን ሳያነሱ ፊቴን ትክ ብለው ያዩኝ ነበር። ከዚያ ጨለፉልኝና እሳቸውም መብላት ጀመሩ።

ክረምቱ አለፈ። ካቫሊየሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገዛሉ፣ እሁድ እሁድ ይበትናሉ። መጋቢት ላይ ደወል ጎል ፊት አረንጓዴ ጢም ማብቀል ጀመረ። ሚያዝያ ላይ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ከወንዝ ጎል ይልቅ የደወሉ ለምልሞ ጠበቀው። ሰውየው ተንበርክኮ በእጁ ነካው፤ ምንጣፍ አንጥፈን እንዳይሆን ጠርጥሮ ጎተተው። በሽታችን እሱም ላይ ተጋብቷል። ሣሩ አልነቀልም አለው።

"ምን አደረጋችሁበት?"

"ጸሎት" አሉ ዶን ቼልሶ። እሳቸው ከልባቸው ነው።

ሜዳችን ጸደቀልን። ቡና ቤቱ ውስጥ ወይን ተቀዳ፤ ኢላሪዮ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ካቫሊየሬ በዚያው ቦታቸው፣ ከፎቶው ሥር ተቀምጠው ያዩን ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። በሩን ዘጉ። መስታወቱን አዩ።

"ነቪዮ።"

"አቤት ካቫሊየሬ።"

"ጨው። ሁለት እሽግ።"

"ሁለት?"

"አንዱን ለድስቴ፤ ከእውነተኛው። አንዱን ለአዴልሞ፤ አንተ ከምታውቀው። አደራ፣ እንዳይቀያየርብህ።"

የያዝኩትን እሽግ ባንኮኒው ላይ ጣልኩት።

"መቼ አወቁት?"

"የመጀመሪያውን ቅዳሜ ነዋ። ሰው የገዛውን ጨው ሳይቀምስ ይወስዳል እንዴ?"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"መርዝ መስሎኝ ነበራ! በማግስቱ እየሮጥክ መጣህ። ማሰሮ ውስጥ በነበረኝ አሮጌ ጨው የሠራሁትን ፓስታ አቀረብኩልህ፤ ይድገሙኝ አልከኝ። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው ይድገሙኝ አይልም። እንግዲያው በተንኮል አይደለም አልኩ። ይዤው ሄጄ በተንኩት፤ ጠበቅሁ። ሣሩ በቀለ።"

ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እነዚያ ዘመናቸውን ሁሉ ሰው ሲመረምሩ የኖሩ ዓይኖች እንባ አቅርረው ነበር።

"ያን ሁሉ ዓመት አገሩን ጠርጥሬ አንድ ሰው ረስቻለሁ" አሉ፤ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። "የወንድሜን ጎል ያመከንኩት እኔ ነኝ፤ አይደል?"

ሕይወቴን ሙሉ ሲጠረጥሩኝ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለካ እወዳቸዋለሁ።

"እርስዎ አይደሉም" አልኩ። "ቫልኖቫዎች ናቸው።"

"ማስረጃ አለህ?"

"ካቫሊየሬ፣ ወንዙ የሚፈሰው ወደ ማን ነው?"

ቀና ብለው አዩኝ። ከከንፈራቸው ጥግ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

"ነገሩ ነገር አለው" አሉ ቀስ ብለው።

ሁለቱን እሽግ ለያይቼ ሰጠኋቸው። በር ደርሰው ቆሙ። የድስቱን እሽግ ቀደድ አድርገው አንዲት ፍሬ ምላሳቸው ላይ አኖሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መረመሯት፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ቅር አላለኝም። እንዲያውም ሳይቀምሱ ቢሄዱ ኖሮ ታመዋል ብዬ ሐኪም እጠራ ነበር።